ዱቤ፣ የመደብር ካርድ እና የመክፈያ ቀን

ዱቤ ዕቃው ዛሬ ተወስዶ ዋጋው በኋላ የሚከፈልበት ሽያጭ ነው። ሻጩ ዕቃውን አስረክቦ ገንዘቡን በገዢው እጅ ያቆያል፤ ገዢው ዋጋውን ባልጨረሰበት ዕቃ እየተገለገለ ባለዕዳ ይሆናል። ይህ ግንኙነት በጫግኒ ሱቆች ከባንኮኒ ሥር የሚቀመጥ ደብተር ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኪስ ውስጥ የመደብር ስም የታተመበት ፕላስቲክ ካርድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ ስልክ ተነክቶ የሚጠየቅ ብድር ሆኗል። መልኩ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚፈተነው በመክፈያው ቀን ነው። ብዙ ቤተሰብ ዕዳ የሚከብደው ከአቅሙ በላይ ስለተበደረ ብቻ አይደለም፤ ዕዳው የሚጠየቅበት ቀንና ገንዘብ ወደ ቤት የሚገባበት ቀን ስለማይገጥሙም ነው።

ጫግኒ በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን የጓንጓ ወረዳ ከተማ ናት። ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ከዚያም አልፎ የሕዳሴ ግድብ ወደሚገኝበት ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተቀመጠች፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩና የመንግሥት ሠራተኛው በአንድ ገበያ ይገናኙባታል። የእነዚህ ሰዎች ገቢ ግን አንድ ዓይነት የቀን መቁጠሪያ አይከተልም። በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያመርተው ገበሬ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚያየው ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። መምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ የሚቀበሉት በወር አንድ ጊዜ ነው። ጉሊት የምትቸረችረው እናት በየገበያው ቀን ጥቂት ታገኛለች፤ የቀን ሠራተኛው ሥራ ባገኘበት ዕለት ብቻ ይከፈለዋል። ወጪ ደግሞ የማንንም ገቢ ጠብቆ አይመጣም። የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውሃ በየወሩ ይጠየቃሉ፤ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ መስከረም ላይ አንድ ላይ ይመጣል፤ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና በየሳምንቱ ያልቃል።

ዱቤ የተፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል፣ የገበሬው ቤት የሚታወቅበት ሱቅ ሄዶ «ጻፍብኝ» ማለት የተለመደ ነው። ባለሱቁ የሚያምነው ወረቀት ስላለው አይደለም፤ የሰውየውን መሬት፣ ቤተ ዘመዱንና ዕድሩን ስለሚያውቅ ነው። ይህ ዓይነቱ እምነት ብዙ ቤት ከክረምት ያሻገረ ትልቅ ሀብት ነው፤ ዱቤ ኋላ ቀር ነገር ነው እያሉ ማጣጣል የሚያገለግለውን ሕዝብ አለማየት ነው።

ደብተሩ ራሱ ቢታይ አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ወይም ግማሽ ገጽ አለው። ከላይ ስሙ ይሰፍራል፤ ስም የሚመሳሰልባቸው ከሆነ የአባት ስም ወይም ሰፈር ይታከልበታል። ከሥሩ ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋው ይሰለፋል፤ «ዘይት 1 ሊትር»፣ «ስኳር 2 ኪሎ»፣ «ሳሙና 3» እየተባለ። ከፊሉ ሲከፈል ቀሪው ከታች ይጻፋል፤ ሁሉም ሲከፈል በገጹ ላይ ረጅም መስመር ይሰመርበታል። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ መዝገብ ክፍተቶች ነው። ደብተሩ አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀመጠውም በሻጩ እጅ ነው። ልጅ ተልኮ የወሰደውን እናት ላታውቀው ትችላለች። ዕቃው በተወሰደበት ቀን ዋጋው ሳይጻፍ ቀርቶ ከወር በኋላ ሲሞላ፣ በመካከል ዋጋ ጨምሮ ከሆነ የትኛው ዋጋ እንደሚያዝ ማንም አያውቅም። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ 200 ብር ሳይቀነስ ቢዘነጋ ከፋዩ የሚያሳየው ነገር የለውም።

መድኃኒቱ ገዢውም የራሱን ትንሽ ደብተር መያዙ ነው። ዕቃው በተወሰደበት ሰዓት ቀኑና ዋጋው በሁለቱም ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ክፍያ ሲፈጸምም ባለሱቁ በገዢው ደብተር ላይ ይፈርማል። ልጅ የሚላክ ከሆነ ደብተሩ አብሮ ይላካል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ አለመተማመን ይቆጥረዋል። እውነቱ ግን ጽሑፍ ወዳጅነትን ያቆያል፤ ለዓመታት የተገበያዩ ጎረቤቶች ቂም የሚያያዙት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ሊያታልል ስለፈለገ ሳይሆን ሁለቱም በቅንነት የተለያየ ቁጥር ስለሚያስታውሱ ነው።

ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። ይሁንና ወጪው የትም አይጠፋም። አንዳንዴ በዋጋው ላይ ተጨምሮ ይገኛል፤ በእጅ በእጅ ለሚከፍልና በዱቤ ለሚወስድ የሚጠራው ዋጋ ይለያያል። ከባዱ ዓይነት ደግሞ ገበሬው ገና በማሳ ላይ ያለውን እህል ከመከር በፊት በርካሽ ሂሳብ ለአበዳሪው የሚያስይዝበት ነው። በሌላ በኩል ባለሱቁም ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ከጅምላ ነጋዴ የሚያመጣው በዱቤ ነው፤ እሱም የራሱ ቀጠሮ አለበት። ብዙዎቹ የባለሱቁ ደንበኞች በአንድ ወር ቢዘገዩ መደርደሪያው ይሳሳል፤ ከዚያ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የአንድ ሰው መዘግየት በዚህ መንገድ ሰዓቱን ጠብቆ የሚከፍለውን ጎረቤት ጭምር ይጎዳል።

የአገሪቱ ሕግ ስለ ዕዳ ብዙ ድንጋጌ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ያዛል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሳምንት አስቤዛ የማይሸፍን ስለሆነ፣ ማንኛውም ቁም ነገር ያለው ብድር ጽሑፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይኸው ሕግ ግለሰቦች እርስ በርስ ሲበዳደሩ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ባለዕዳው ከቀኑ አሳልፎ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ደግሞ፣ ወለድ ባይዋዋልም እንኳ በዓመት ከመቶ 9 የሚሆን ሕጋዊ ወለድ ሊታሰብበት ይችላል። በ1,000 ብር ላይ የመቶ 12 ወለድ በዓመት 120 ብር፣ በወር 10 ብር ነው። ይህን ቁጥር መያዝ አራጣን ለመለየት ይረዳል። «በወር ከመቶ 10» ሲባል ጆሮ ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን ከመቶ 120 ነው፤ 1,000 ብር የተበደረ ሰው ወለዱን ብቻ በዓመት 1,200 ብር ይከፍልና ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ይቆየዋል። አራጣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ከሱቅ ዱቤና ከአራጣ ውጭ ያለው መንገድ በተቋማት በኩል ይሄዳል። በአማራ ክልል ለገጠሩ ሕዝብ አነስተኛ ብድር በማዳረስ የሚታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለብዙ ዓመታት በየወረዳው ሲሠራ ቆይቶ ወደ ጸደይ ባንክ ተሸጋግሯል። በመሥሪያ ቤቶች የሚቋቋሙ የብድርና ቁጠባ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ያበድራሉ፤ የሸማቾች ማኅበራትም ለሠራተኛ ዕቃ በዱቤ ሰጥተው ከደመወዝ የሚያስቀንሱበት አሠራር አለ። ከደመወዝ የሚቀነስ ዕዳ ትልቅ ጥቅሙ ቀኑ ከገቢው ጋር መግጠሙ ነው፤ ገንዘቡ ወደ እጅ ሳይገባ ዕዳው ይወጣል። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ደመወዝ ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ የሚያደርስ መሆኑን አስቀድሞ ማስላት።

የመደብር ካርድ በአሜሪካ የተፈጠረው ከዚሁ ከሱቅ ደብተር ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች ለታመኑ ደንበኞቻቸው ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ምልክት ይሰጡ ነበር፤ ሻጩ ደንበኛውን በመልክ ስለማያውቀው ምልክቱ መልኩን ተካ። በ1950 እ.ኤ.አ. ዳይነርስ ክለብ በብዙ የንግድ ቤቶች የሚሠራ ካርድ አወጣ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ በፍሬዝኖ ከተማ፣ በኋላ ቪዛ የተባለውን ካርድ አሠራጨ። የመደብር ካርድ ግን አልጠፋም። ሁለት ዓይነት ሆኖ ቀጥሏል፦ በዚያው መደብር ብቻ የሚሠራ፣ እና የመደብሩን ስም ከቪዛ ወይም ከማስተርካርድ ምልክት ጋር ይዞ በየትም የሚሠራ። በሁለቱም ገንዘቡን የሚያበድረው አብዛኛውን ጊዜ ከመደብሩ ጀርባ ያለ ባንክ ነው። የሜሲስ ካርድ የሲቲባንክ ነው፤ የአማዞን የመደብር ካርድ የሲንክረኒ ባንክ ነው። ስለዚህ ክፍያም ሆነ ቅሬታ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው፤ በመደብሩ ባንኮኒ ቆሞ ከሻጩ ጋር መከራከር ውጤት የለውም። ኢትዮጵያዊው ስደተኛ በዚህ ላይ ይሰናከላል፤ በአገሩ ያበደረውና የሸጠው አንድ ሰው ስለነበረ።

ካርዱ የሚቀርበው ደንበኛው ዕቃውን ይዞ ሒሳብ ሊከፍል በቆመበት ሰዓት ነው። «ዛሬ ካርድ ካወጡ ከዚህ ዋጋ ላይ ይቀነስልዎታል» ይባላል። ቅናሹ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመደብር ካርድ ወለድ ከተራው የባንክ ካርድ የሚበልጥ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ በዓመት ወደ ከመቶ 30 ደርሷል። ሒሳቡን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ለሚዘጋ ሰው ይህ ወለድ አይነካውም፤ ቅናሹ ትርፍ ይሆንለታል። ቀሪ ለሚያሳድር ሰው ግን ቅናሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይወሰድበታል።

የወለዱን አካሄድ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 1,000 ዶላር ዕዳ በዓመት ከመቶ 30 ቢታሰብ የመጀመሪያው ወር ወለድ 25 ዶላር ነው። በመግለጫው ላይ «ትንሹ ክፍያ 30 ዶላር» የሚል ቢጻፍና ባለካርዱ ያንኑ ቢከፍል፣ 25ቱ ለወለድ ሄዶ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 5 ዶላር ብቻ ነው። ትንሹን ክፍያ በሰዓቱ የሚከፍል ሰው አልዘገየም፤ ቅጣትም አይደርስበትም፤ ዕዳው ግን ባለበት የቆመ ያህል ነው።

ከዚህ የባሰው «ለ12 ወር ያለ ወለድ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በብዙ የመደብር ካርዶች ይህ ማለት ወለዱ ቀርቷል ማለት ሳይሆን እየተሰላ በጎን ይቀመጣል ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በ1,200 ዶላር ማቀዝቀዣና አልጋ ገዛ እንበል። በየወሩ 95 ዶላር ሳያጓድል ለ12 ወር ቢከፍል 1,140 ዶላር ይሆናል፤ ቀሪው 60 ዶላር ነው። ጊዜው ሲያበቃ ወለዱ የሚታሰበው በ60ው ዶላር ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ በነበረው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው፤ በመቶ 30 ሲሰላ ከ200 ዶላር በላይ ይሆናል። በየወሩ 100 ዶላር ቢከፈል ኖሮ ዕዳው በቀኑ ተዘግቶ ወለዱ ሙሉ በሙሉ ይቀር ነበር። በወር 5 ዶላር ያጎደለ ቤተሰብ ከ200 ዶላር በላይ ያጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም ሰው የዋጋውን ድምር ለወራቱ ቁጥር አካፍሎ፣ ከዚያ በታች ፈጽሞ ላለመክፈል መወሰን፣ ቢቻል ደግሞ ከማብቂያው አንድ ወር ቀድሞ ለመጨረስ ማሰብ አለበት።

በአሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የካርድ ሕግ ከፋዩን የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን ደንግጓል። መግለጫው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት፤ የመክፈያው ቀን በየወሩ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ትንሹን ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳውን ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በመግለጫው ላይ መጻፍ አለበት። ብዙ ባንኮች ደንበኛው ሲጠይቅ የመክፈያውን ቀን ይቀይራሉ፤ ደመወዙ በ15ኛው ቀን የሚገባለት ሰው ቀኑን ወደ 18 ወይም 20 ማዛወሩ ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ይጠቅመዋል። ከባንክ ሒሳብ በራሱ ጊዜ እንዲቆረጥ ማዘዝም ይቻላል፤ በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ ግን ሌላ ቅጣት ያስከትላል። ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ ለብድር መዝጋቢ ድርጅቶች ይነገርና እስከ 7 ዓመት በመዝገብ ላይ ይቆያል፤ በዚያ መዝገብ ምክንያት ቤት ለመከራየትና መኪና በብድር ለመግዛት የተቸገረ ብዙ ሰው አለ።

በኢትዮጵያ የመደብር ስም ያለው የዱቤ ካርድ አልተለመደም። በእጅ ያለው የኤቲኤም ካርድ የራስን ገንዘብ ማውጫ እንጂ መበደሪያ አይደለም። ከመደብር ካርድ ጋር የሚቀራረበው በስልክ የሚሰጠው ብድር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድር፣ ገንዘብ ሲያጥር የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን እና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አስተዋወቀ። ዳሸን ባንክ ደግሞ «ዱቤ አለ» በሚለው አገልግሎቱ፣ ደንበኛው ከባንኩ ጋር ከተዋዋሉ ነጋዴዎች ዕቃ ወስዶ ዋጋውን በወራት ከፋፍሎ ለባንኩ እንዲከፍል አድርጓል። ስሙ ከሱቁ ደብተር የተወሰደ ነው፤ አሠራሩ ግን ይለያል። ባለሱቁ ሰውየው ልጁ ታሞበት እንደሆነ ያውቃል፤ ሳምንት ይጨምርለታል። የስልኩ ብድር ቀኑ ሲደርስ ይቆርጣል። ባንኮችና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚሰጡ፣ አንዱ ጋ የተበላሸ ስም ሌላው ጋ ይታያል።

በዚህ ላይ ብዙ የደመወዝ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። የስልክ ብድር ዘመኑ በቀን ሲቆጠር፣ ደመወዝ በወር ይቆጠራል። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ። ነሐሴ 30 ቀን የ30 ቀን ብድር የወሰደ ሰው ግን አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ሲቆጥር ዕዳው የሚደርሰው መስከረም 25 ቀን ነው። የመስከረም ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ከሆነ፣ ዕዳው ገንዘቡን ቀድሞ ይመጣል፤ ያውም ዘመን መለወጫ፣ የትምህርት ቤት ወጪና መስቀል ኪሱን ባራቆቱበት ሰሞን። በክረምቱ ማብቂያ የሚበደር ደመወዝተኛ ወይ ብድሩን በአምስት ቀን ማዘግየት፣ ወይ ከነሐሴ ደመወዙ ላይ ለመስከረም 25 የሚሆነውን አስቀድሞ ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ክፍያዎችን አጥብቆ ለመያዝ ከባድ ዘዴ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በአንድ ወገን ገንዘብ የሚገባባቸው ቀኖች ይጻፋሉ፤ በሌላው ወገን መክፈያዎቹ ከነቀናቸው፦ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ የሱቅ ዱቤ፣ የስልክ ብድር። ከዚያ እያንዳንዱ መክፈያ ከየትኛው ገቢ እንደሚወጣ በመስመር ይያያዛል። መስመር ያላገኘ መክፈያ ችግር የሚፈጠርበት ቦታ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ መታየቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ ለሆነው ገበሬ ገጹ የአሥራ ሁለት ወር መሆን አለበት፤ በታኅሣሥ በርበሬ ሲሸጥ የሐምሌው ዘይትና የመስከረሙ ደብተር ከዚያው ገንዘብ ላይ ስማቸው ተጠርቶ መለየት አለበት። ዕቁብ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዕጣው ከከባዱ ወር ጋር እንዲገጥም ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይቻላል።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ሲሆን ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሲዘገይ ቤትን የሚያናጋው፣ ማለትም ኪራይና ቀለብ፤ ቀጥሎ ሲዘገይ ወለድና ቅጣት የሚወልደው፤ ከዚያ ያለ ወለድ የሚታገሠው የጎረቤት ዱቤ ይከተላል። ይህ የመጨረሻው ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ባለሱቁ ከቀኑ በፊት ሊነገረው ይገባል። በስልክ ወይም በባንክ የተከፈለ ነገር ሁሉ የማረጋገጫ ቁጥር ያለው መልእክት ይመጣለታል፤ ያ መልእክት ደረሰኝ ስለሆነ መሰረዝ የለበትም። ከፊል ክፍያ የሚያደርግ ሰው ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ አበዳሪው ካልፈቀደ በቀር፣ የሚከፍለው ገንዘብ አስቀድሞ ለወጪና ለወለድ፣ ቀጥሎ ለዋናው ዕዳ እንደሚታሰብ ማወቅ አለበት።

በቀኑ መክፈል እንደማይችል ያወቀ ባለዕዳ ከሁሉ በፊት ማድረግ ያለበት መናገር ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከማለፉ በፊት። ነጋዴ ከሚጠፋ ደንበኛ ይልቅ «በጥር በርበሬ ስሸጥ ግማሹን እሰጥሃለሁ» የሚል ደንበኛ ይመርጣል፤ አዲሱ ቀጠሮና የሚከፈለው መጠንም በሁለቱም ደብተር ላይ ይጻፋል። ሁለቱ ካልተስማሙ በአዊ እንደሌላው የአማራ ክልል ሁሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌውም መጀመሪያ የሚጠይቀው የተጻፈውን ነው። ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ከደረሰ፣ ዳኛው የባለዕዳውን ሁኔታና ቅንነት አይቶ ከስድስት ወር የማይበልጥ የእፎይታ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል።